ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ለሚወርዱ፦ ሰው ሠራሽ እግርንና ብሬስን ከጨውና ከወበቅ መጠበቅ

አዲስ አበባ ላይ የተሠራ ሶኬት (ቀሪው እግር የሚገባበት የሰው ሠራሽ እግሩ ክፍል) የተለካው በአዲስ አበባ አየር ውስጥ ባለ እግር ላይ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጠዋት ይበርዳል፣ ቀን መጠነኛ ሙቀት አለ። ያው ሰው ለሥራ፣ ለንግድ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ጅቡቲ ሲወርድ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ይለወጥበታል። እግሩ በሙቀቱ ያብጣል፣ ያልበዋል። መሣሪያው ደግሞ፣ ሰው ሠራሽ እግርም ይሁን ብሬስ (የደከመን አካል ደግፎ የሚይዝ)፣ ጨው ያዘለ እርጥብ አየር ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው የሚፈራው ባሕር ውስጥ መግባትን ነው። ነገር ግን ባሕሩን ጨርሶ ሳይነካ፣ በላብና በጨው አየር ብቻ፣ ሳይታጠብና ሳይደርቅ ከርሞ የሚበላሸው መሣሪያ ቀላል አይደለም።

ወቅቱንም ያስቡበት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ እዚህ ዝናብና ብርድ ሲሆን እዚያ ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ የሙቀት ልዩነቱ የሚከብደው ያኔ ነው። ቀጠሮውን መምረጥ የሚችል ሰው ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሄድ ይሻለዋል። ሙቀቱ ይቀንሳል፣ እርጥበቱ ግን አይቀርም።

መጀመሪያ፦ መሣሪያዎ ከምን እንደተሠራ ይወቁ

አያያዙ የሚለያየው በዕቃው ነው። ካላወቁ የሠራልዎትን ባለሙያ ይጠይቁ።

ሶኬቱም ቅልጥሙም አንድ ዓይነት የቆዳ ቀለም ያለው ፕላስቲክ ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ሊሆን ይችላል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ያስፋፋው አሠራር ይህ ነው። ፕላስቲኩ ውሃ አይጠጣም፣ አይዝግም። የሚያሰጉት ብሎኖቹና መዳፉ (መሬት የሚረግጠው ክፍል) ናቸው።

መዳፉ ከፖሊዩሬቴን ስፖንጅ ወይም ከጎማ የተሠራ ይሆናል። ፖሊዩሬቴን ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙበት ውስጥ ውስጡን ይፈርሳል፤ ሳይራመዱበት ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥም ይፈርሳል። በአውራ ጣት ሲጫኑት ተመልሶ የማይነሳ፣ የሚጣበቅ ወይም የሚፈረፈር ከሆነ አብቅቶለታል። ስለዚህ «ለክፉ ቀን» ብሎ ትርፍ መዳፍ ባሕር ዳርቻ ለዓመታት ማስቀመጥ ትርፉ ኪሳራ ነው። ጎማ ወበቁን ይችላል፣ ቫዝሊንና ዘይት ግን ያሳብጡታል።

ከሶኬት በታች ቱቦና የብረት መገጣጠሚያ ያለው ዓይነት የበለጠ ክትትል ይፈልጋል። ቱቦው አሉሚኒየም፣ ብሎኑ ብረት ሲሆን በመሃላቸው ጨዋማ እርጥበት ከገባ ሁለቱ ብረቶች እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ አሉሚኒየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት ያወጣል። «የማይዝግ» የሚባለው ብረትም ቢሆን ጨው ሲቆይበት በጥቃቅን ጉድጓድ ይበሳል።

እንጨት፣ ቆዳ፣ ሃይድሮሊክ ጉልበት ወይም ባትሪ ያለው መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ውሃ ውስጥ ማስገባት የለም። አምራቹ በጽሑፍ ካልፈቀደ በቀር በዚህ አንደራደርም።

ከመነሳትዎ 2 ሳምንት በፊት፣ እዚሁ አዲስ አበባ

1. መሣሪያውን ያሠሩበት ማዕከል ሄደው ያስፈትሹ። 2 ሳምንት የምንለው መለዋወጫ ሁልጊዜ በእጅ ስለማይገኝ ነው። የመዳፉ ብሎን፣ የማሰሪያው ጠፍር፣ የሶኬቱ ጠርዝና የውስጡ ስፖንጅ ይታዩ። ናይለን ያለው ዳዶ ተፈትቶ ከሆነ በአዲስ ይቀየር፤ ደጋግሞ የተፈታ ዳዶ መያዙን ያጣል።

2. ባለሙያው አጥብቆ ሲጨርስ በየብሎኑ ራስና አጠገቡ ባለው አካል ላይ በኩቴክስ አንድ ቀጭን መስመር ያሳርፉ። ቀይ ይሁን፣ በደንብ ይታያል። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው። ይህ ኩቴክስ እዚያ ማንም ሳያግዝዎት መላላቱን የሚያውቁበት ቀላሉ መንገድ ነው።

3. ካልሲ (ከሶኬቱ በፊት ቀሪው እግር ላይ የሚለበሰውን) ይቁጠሩ። እዚህ 3 የሚበቃው ሰው እዚያ ቢያንስ 6 ይያዝ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይቀየራልና። ውፍረቱም ይለያይ፦ ባለ 1፣ ባለ 3 እና ባለ 5 ፕላይ (ፕላይ የካልሲው ውፍረት መለኪያ ነው)።

4. ጠፍሩ መሰንጠቅ ከጀመረ ወይም የዘለበቱ ቀዳዳ ከሰፋ አሁኑኑ ያስቀይሩ። መርካቶም ሆነ ፒያሳ አካባቢ ጥሩ ጫማ ሰፊ ጠፍሩን ይሰፋዋል። ርዝመቱን ግን አይንካ፤ አሮጌውን ልክ አድርጎ ይቁረጥ። ሚስማርም እንዳይመታበት ይንገሩት፤ በድርብ ክር መስፋት ይበቃል።

5. ዕቃዎን ያዘጋጁ፦ ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና፣ 2 ትንንሽ ፎጣ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ የእጅ መስተዋት፣ የላስቲክ ፋሻ፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በትንሽ ብልቃጥ፣ ትንሽ ቫዝሊን፣ አልኮል፣ ኩቴክስ። ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን የብሎን መፍቻ) መያዝ ይቻላል። ሆኖም ከቱቦው ላይና ታች ያሉትን አራት አራት የማስተካከያ ብሎኖች በራስዎ አይንኩ። የአረማመድዎ ልክ ያለው እዚያ ነው፤ ሩብ ዙር እንኳ ጉልበትና ወገብ ላይ ይወጣል።

በመንገድ ላይ

ከአዲስ አበባው ፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነስቶ ጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ የሚደርሰው የባቡር መስመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪናም ቢሆን ረጅም መቀመጥ አለ። ጉልበት ታጥፎ ሲቆይ የሶኬቱ የኋላ ጠርዝ ከጉልበት ጀርባ ይጫናል። በየሰዓቱ እግር ይዘርጉ፣ ከተቻለ ይቁሙ። ሶኬቱን አውልቀው ሰዓታት መቀመጥ ግን ጥሩ አይደለም፤ ቀሪው እግር ነጻ ሲሆን ያብጥና መልሰው ሲሉት አልገባም ይላል። ካወለቁ ወዲያው በላስቲክ ፋሻ ይጠቅልሉት፦ ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲሄድ ላላ እያለ። በተቃራኒው ከጠቀለሉት እብጠቱ ጫፉ ላይ ይታሰራል።

መሣሪያውን በቆመ መኪና ውስጥ ትቶ መውረድ የለም። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ሙቀቱ 70 ዲግሪ ያልፋል። ፖሊፕሮፒሊን በዚህ አይቀልጥም፣ ግን ክብደት ካረፈበት ቅርጹ ሊሄድ ይችላል፤ የውስጡ ስፖንጅ ደግሞ ቀድሞ ይጨማደዳል። የእግር ብሬስ በልብስ ሻንጣ ሥር ተጭኖ ሲጣመም ቅያሱ ጠፋ ማለት ነው። አሽከርካሪዎች ይህን ልብ ይበሉ።

የየማታው ሥራ

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ማታ እንጂ ጠዋት አይሁን የምንልበት ምክንያት አለን። ጠዋት የታጠበ ሶኬት ሳይደርቅ ይለበሳል፤ እርጥብ ሶኬት ውስጥ ቀን ሙሉ የዋለ ቆዳ ደግሞ መላጡ፣ ከዚያም ፈንገስ ማፍራቱ አይቀርም።

ሀ. ያውልቁና መጀመሪያ ቆዳዎን ይዩ (እንዴት እንደሚታይ ከታች አለ)። ቀሪውን እግር በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ሎሽን ካለ አሁን ይቀቡ። ጠዋት ሎሽን ቀብቶ ሶኬት ማጥለቅ ቆዳውን ያላላዋል፣ ላይነሩንም (ቆዳው ላይ የሚለበሰውን የሲሊኮን ሽፋን) ያንሸራትተዋል። ፓውደርም አይጠቅምም፤ ከላብ ጋር ተቦክቶ እንደ አሸዋ ይፈገፍጋል።

ለ. የውስጡን ስፖንጅ ያውጡ። በለብ ያለ የሳሙና ውሃ በጨርቅ ይሹት፣ ሳሙናው ጨርሶ እስኪወጣ ያለቅልቁት። ሳይጨምቁ በፎጣ ጠቅልለው ጫን ጫን ያድርጉ። ፀሐይ ላይ አይሰጣ።

ሐ. ሶኬቱን በእርጥብ የሳሙና ጨርቅ ከውስጥ ይጥረጉ፣ በንጹህ ውሃ ጨርቅ ይድገሙ፣ ያድርቁ። በረኪና አይጠቀሙ፤ ብረቱን ይበላል፣ ቆዳንም ያቃጥላል። ጠረኑ አልለቅ ካለ በሳምንት አንድ ጊዜ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጠርገው እስኪተን ይተዉት።

መ. ሲሊኮን ላይነር ያለዎት ገልብጠው ቆዳ የሚነካውን ጎን በእጅ ይጠቡ፤ ብሩሽ አይንካው። ካለቀለቁ በኋላ ጨርቁ ወደ ውጭ እንዲሆን መልሰው ይገልብጡና ማድረቂያው ላይ ያኑሩት። ተገልብጦ ያደረ ሲሊኮን አቧራና ፀጉር ይሰበስባል፣ ቅርጹም ይሄዳል። በእንክብካቤም ቢሆን ላይነር አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ነው የሚያገለግለው። ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው ፒን ካለ ፒኑንና የሚገባበትን ቀዳዳ ለብቻ በብሩሽ ያጽዱ። ጨውና አሸዋ ሲገቡበት ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ይቀንሳል፤ ድምፁ የቀነሰ ፒን በመሃል መንገድ ሊለቅ ይችላል።

ሠ. ብሎኖቹን፣ መገጣጠሚያውንና የመዳፉን ዙሪያ በንጹህ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጠርገው ወዲያው ያድርቁ። ኩቴክሱን ይዩ። ውጭ የሚታየውን የብሎን ራስ ቫዝሊን ስስ አድርገው ይቀቡት፤ ክሩ ውስጥ ግን ዘይትም ቫዝሊንም አይግባ፣ ያላላዋል።

ረ. ሌሊቱን ቬንቲሌተር ፊት ያሳድሩት። አዲስ አበባ ላይ ማታ የተሰቀለ ካልሲ ጠዋት ይደርቃል፤ ጅቡቲ ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ያለ ንፋስ እርጥብ ሆኖ ያነጋል። የፀጉር ማድረቂያ በሙቅ አይጠቀሙ፣ በቀዝቃዛው ይቻላል።

ስለ ውሃው አንድ ነገር፦ ጅቡቲ ብዙ ቦታ የቧንቧው ውሃ ራሱ ጨው ጨው ይላል። ይቅመሱት። ጨዋማ ከሆነ ለማጠብ ይጠቀሙበት፣ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ግን በታሸገ ውሃ ያድርጉ፤ አንድ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ላንድ ማታ ይበቃል።

ካልሲ በየቀኑ ይታጠባል። ሳሙናው እስኪጠራ ያለቅልቁ፤ የቀረ ሳሙና ከላብ ጋር ሲገናኝ ሽፍታ ያወጣል። ሳይጨምቁ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንጥፈው ያድርቁ፤ ተንጠልጥሎ የደረቀ ካልሲ ይረዝማል፣ ሶኬት ውስጥም ይጨማደዳል።

ሶኬቱ ሲጠብና ሲላላ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ሰው «ሶኬቴ ጠበበ» ይላል። የጠበበ ነገር የለም፤ እግሩ በሙቀት ወፍሯል። ጠዋት ሶኬቱ ካልገባ ወይም ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው የአጥንት ጉብታ ከተጫነ ካልሲ ይቀንሱ፦ ባለ 3 ፕላይ ከነበረ ባለ 1 ያድርጉ። ከሰዓት በኋላ እግሩ እየሰመጠ ከሄደና የእግሩ ጫፍ የሶኬቱን ወለል ከነካ፣ ወይም ሶኬቱ ሎሚው ላይ ከወጣ ይጨምሩ። ይህን ከቤት ወጥቶ ማድረግ ስላለ በቦርሳ ባለ 1 ፕላይ 2 ካልሲ አይለዩ። ካልሲው ሲለበስ ሽብሽብ አይኑርበት፤ አንዲት ሽብሽብ በአንድ ቀን ውሃ ታስቋጥራለች።

ከ10 ፕላይ በላይ ካስፈለገዎ ግን ነገሩ ከአየሩ አልፏል። ሶኬቱ ለእግርዎ ሰፍቷል፤ ሲመለሱ ማዕከሉ ይየው።

እኩለ ቀን ላይ አንዴ አውልቆ ላብን ማበስ ልማድ ይሁን። ላይነር ያለው ሰው ሲያወርደው ውሃ ጠብ ሲል ያያል፤ ያ ውሃ ነው ላይነሩን የሚያንሸራትተው።

ባሕርና አሸዋ

ጎማ መዳፍ ያለው የፖሊፕሮፒሊን እግር ብቻ ውሃ ቢነካው ይችላል እንላለን። ያውም ቢሆን መዳፉ ላይ ስንጥቅ እንደሌለ አይተው ነው፤ በስንጥቁ የገባ የባሕር ውሃ አይወጣም፣ ውስጡ ያለውን ብሎን ያዝገዋል። ዝገት ሲያብጥ ደግሞ መዳፉን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

ከባሕር ሲወጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ በንጹህ ውሃ ይታጠብ። ጫማውን፣ ካልሲውንና የውስጡን ስፖንጅ ያውጡ። ከላይ ወደ ታች 5 ሊትር ያህል ውሃ ያፍስሱበት፤ ቅልጥሙ ባዶ ከሆነ ገልብጠው ያንጠባጥቡ፣ ወዝወዝ ሲያደርጉት ድምፅ ካለ ውስጡ ገና ውሃ አለ። የመዳፉን ብሎን አይፍቱ።

አሸዋ ከውሃ ይብሳል፤ በተለይ ጉልበት ማጠፊያ ውስጥ ሲገባ ይፈጫል። እርጥብ ጨርቅ ከማሳረፍዎ በፊት በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት፣ አለበለዚያ ወደ ውስጥ እየገፉት ነው።

ጫማ

ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። መዳፉ የተስተካከለው አዲስ አበባ በሚያደርጉት ጫማ ተረከዝ ከፍታ ነው። ጅቡቲ ሲደርሱ በሙቀቱ ሸበጥ ያደርጋሉ። ተረከዙ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ቅልጥሙ ወደ ኋላ ይደገፋል፣ ጉልበት ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሰውየው አቀበት የሚወጣ ይመስለዋል። ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ሲሆን ደግሞ ጉልበት ወደ ፊት እጥፍ እጥፍ ይላል፣ እሱ ይጥላል። መላው፦ ነጠላ ጫማውን እዚሁ ገዝተው ከጫማዎ ጋር አንድ ላይ ጫማ ሰፊ ዘንድ ይውሰዱ፤ የጎደለውን ያህል ቁራጭ ጎማ ከተረከዙ ሥር በማስቲሽ ያስለጥፉ። ከኋላ ማሰሪያ ይኑረው፤ ማሰሪያ የሌለው ሸበጥ ከሰው ሠራሽ መዳፍ ይወልቃል፣ ጣት የለማ የሚይዘው።

ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጫማ ሲያወልቁም ጣጣው ይኸው ነው። በባዶ እግር ለመሄድ ታስቦ የተሠራ መዳፍ አለ፤ የሕንዱ የጃይፑር እግር አንዱ ነው። የእርስዎ ካልሆነ ያችኑ የጎማ ቁራጭ ካልሲ ውስጥ ተረከዝ ሥር ያድርጓት።

ብሬስ ለሚያደርጉ

የፕላስቲክ እግር ብሬስ እንደ ሶኬት ይጠረጋል። ከሥሩ ስፌት የሌለው፣ ከብሬሱ ጠርዝ የሚያልፍ የጥጥ ካልሲ ይደረግ። ቬልክሮው አሸዋና ክር ሲሞላ መያዝ ያቆማል፤ በጥርስ ብሩሽ ወይም በመርፌ ያራግፉት፣ ሲታጠብ ዘግተው ይጠቡት።

ጉልበት ላይ የሚቆለፍ የብረት ብሬስ ያለው ሰው በየጠዋቱ ከመቆሙ በፊት ተቀምጦ ቁልፉን 3 ጊዜ ከፍቶ ይዝጋ። ጨው የያዘው ቁልፍ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆምና የተዘጋ ይመስላል፤ የሚጥለው ይኼ ነው። የቁልፉ ቀለበት በራሱ ክብደት መውረድ አለበት። በሳምንት አንዴ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል፤ የተረፈውን ይጥረጉ፣ አሸዋ ይስባል። ግራሶ አይቀቡ።

ቆዳው በላብ ጨው ይደርቅና ይሰነጠቃል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ጥላ ላይ ያድርቁ። ከሻገተ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለው በጨርቅ ይጥረጉ፤ ይህ ለአዲስ አበባ ክረምትም ይሠራል።

እግሩ ቆልማማ ሆኖ ተወልዶ ጂፕሱ ያለቀለት ሕፃን ብሬሱን በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ በእንቅልፍ ሰዓት ያደርጋል። ሙቀት ነው ተብሎ ሲወልቅ እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል። ስስ የጥጥ ካልሲ፣ በነጻዋ አንድ ሰዓት እግሩን ማጠብ፣ ከመኝታው አጠገብ ቬንቲሌተር፤ መፍትሔው ይህ ነው። የወገብ ብሬስ ያላቸው ስፌት የሌለው ካናቴራ ከሥር ያድርጉ፣ በላብ በራሰ ቁጥር ይቀይሩ።

ቆዳው ሲያስጠነቅቅ

በመስተዋት ጫፉንና ኋላውን ይዩ። ካወለቁ በኋላ በ20 ደቂቃ ውስጥ የሚጠፋ መቅላት አያሰጋም። የማይጠፋ፣ የሚሞቅ ወይም ውሃ የቋጠረ ከሆነ መሣሪያው ይቁም፤ ውሃውን አያፍርጡ። ስኳር ያለበት ወይም እግሩ የማይሰማው ሰው በየምሳ ሰዓቱም ይይ፣ ሕመም አይነግረውምና። ቁስል፣ መግል ወይም ትኩሳት ካለ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው፣ የእኛ ሙያ አይደለም።

የኩቴክሱን መስመር ተሰብሮ ካገኙ፣ በሚራመዱበት ጊዜ አዲስ ድምፅ ከሰሙ፣ ነጭ ዱቄት ወይም ቡናማ ዝገት ካዩ፣ ሶኬቱ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ከተገኘ በክራንች ይሂዱ እንጂ አይርገጡበት። ስንጥቅ በሱፐር ግሉ አይለጠፍም፤ ፖሊፕሮፒሊን ሙጫ አይቀበልም፣ የሚያያዘው በሙቀት ብየዳ ነው። አዲስ አበባ እንደተመለሱም መሣሪያውን ሳያጸዱ፣ እንዳለ ወደ ማዕከሉ ይዘውልን ይምጡ፤ ጨውና ዝገቱ የት የት እንደተቀመጠ ስናይ የቱ ክፍል በምን መቀየር እንዳለበት እናውቃለን።